ከአሊሞስ እስከ ሃይድራ፦ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራይቶ የመዝናናት ሒሳብ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአቴንሱ አሊሞስ ማሪና ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይገፋል፤ የገበያ ጋሪ፣ የሻንጣ ጋሪ፣ የታጠበ አንሶላ የተቆለለበት ጋሪ። ያለፈው ሳምንት ተከራዮች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወርደዋል፤ የዚህ ሳምንቶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይረከባሉ። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት የጽዳት ሠራተኞችና መካኒኮች ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው እየዘለሉ ያጥባሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ይቆጥራሉ። አሊሞስ በግሪክ ካሉት የኪራይ ጀልባ መነሻዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

እኛም ከአንድ ቢሮ ደጃፍ ጥላ ይዘን ተቀምጠናል። ስምንት ነን፤ ገሚሱ ከፍራንክፈርት፣ ገሚሱ ከስቶክሆልም የመጣ ነው፤ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሰዎችና ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛም አብረውን አሉ። ገንዘብ ያዣችን፣ በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እህታችን፣ ከቢሮው ወረቀት ይዛ ወጣች።

«ስንት ነው?» አላት ከስቶክሆልም የመጣው።

«ሁለት ሺህ ሃምሳ።»

«እንዴ! ከፍለን ጨርሰን የለ?»

«የጨረስነው የጀልባዋን ነው። የእኛ ገና መጀመሩ ነው።»

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የጽዳት፣ የአንሶላና የማብሰያ ጋዝ ክፍያ፣ የካፒቴኑ የሳምንት ዋጋና የመያዣ ገንዘቡ ዋስትና ነበር። ናፍጣው፣ ውኃው፣ የወደብ ክፍያውና የሁላችን ቀለብ ገና አልተጻፈም። ጀልባ ተከራይቶ ለመዝናናት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህን ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ የሚያየው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቀሪውን የሚወስነው ደግሞ ኩባንያው ሳይሆን ተከራዩ ነው፤ ያውም ከጉዞው ወራት ቀደም ብሎ፣ ሰዉንና ሳምንቱን የመረጠ ዕለት።

«የቅንጦት ጀልባ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ነጭ ዩኒፎርም የለበሱ ሠራተኞች ወደሚርመሰመሱበት፣ ሄሊኮፕተር ወደሚያርፍበት መርከብ ነው። እሱም ይከራያል። በሜዲትራኒያን ባሕር አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው በ1984 በተቋቋመውና ማይባ በሚባለው የደላሎች ማኅበር ውል ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያ ውል ኪራዩ የሚሸፍነው ጀልባዋንና ሠራተኞቿን ብቻ ነው። ለነዳጁ፣ ለምግቡ፣ ለመጠጡና ለወደቡ ከኪራዩ ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ለካፒቴኑ ይሰጣል፤ ከተረፈ ይመለሳል፣ ካነሰ ይጨመራል። ቫት አለ፤ ጉርሻም አለ። ለሳምንት 100,000 ዩሮ የተባለ ጀልባ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ የፈረንሳይ 20 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ጉርሻ ሲጨመርበት 160,000 ይደርሳል። እንግዲህ ከበርቴውም የተጻፈለትን ዋጋ ብቻ ከፍሎ አያልፍም።

የእኛ ሌላ ነው። ያለ ሠራተኛ የሚከራይ ባለ ሸራ ጀልባ ነው፤ ርዝመቱ አሥራ አምስት ሜትር፣ አምስት መኝታ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት፣ ከበስተኋላው በገመድ የሚጎተት ትንሽ የጎማ ጀልባ። ይህ ንግድ ዕድሜው ረጅም አይደለም። በ1969 ቻርሊና ጂኒ ኬሪ የተባሉ ባልና ሚስት በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች፣ ቶርቶላ ላይ ስድስት ጀልባ ይዘው ዘ ሙሪንግስ የተባለውን ኩባንያ ሲከፍቱ ያሰቡት፣ መንዳት የሚችል ነገር ግን የራሱ ጀልባ እዚያ የሌለው ሰው ለአጭር ጊዜ ቢከራይ ምን ይለዋል የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ንግዱ ሜዲትራኒያንን ሞላው።

ወደቡ ላይ ከተደረደሩት ጀልባዎች ብዙዎቹ የኩባንያዎቹ አይደሉም። ባለቤቱ ጀርመን ወይም እንግሊዝ አገር የሚኖር ግለሰብ ይሆናል። ጀልባዋን ገዝቶ ለጥቂት ዓመታት ለኩባንያው በአደራ ይሰጣል፤ ኩባንያው ያከራያል፣ ይጠግናል፣ ከገቢው ያካፍለዋል ወይም ቁርጥ አድርጎ ይከፍለዋል። በብርዱ ወራት ጀልባዋ ታስራ ስለምትውል የዓመት ወጪዋን ማውጣት ያለባት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባሉት ሳምንታት ነው። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት እንዲያ የሚዘለው ስለዚህ ነው። እኛ በሴፕቴምበር አጋማሽ በ4,200 ዩሮ የተከራየናት ጀልባ በኦገስት መጀመሪያ 6,500 ተብላ ነበር። ጀልባዋ ያችው፣ ባሕሩም ያው ነው። ልዩነቱ ለስምንት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 287 ዩሮ ይመጣል፤ ከፍራንክፈርት አቴንስ የአውሮፕላን ቲኬት ሊገዛ የሚችል ገንዘብ ነው።

ለእኛ ሰው በዚህ ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ዋጋው ጣሪያ የሚነካበት የኦገስት ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የእኛው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 መሆኑ ነው። ግሪኮችም የድንግል ማርያምን ፍልሰት ይጾማሉ፤ የእነሱ ኦገስት 1 ይጀምርና በዓሉ ኦገስት 15 ይውላል። በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ ወደ ደሴቶቹ ስለሚወጣ ወደቡ ይጣበባል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ለሚጾም ሰው ምግብ አይጠፋም፤ በትልልቅ ነጭ ባቄላ የሚሠራው ጊጋንዴስ፣ እንደ ክክ ወጥ የሚለሰልሰው ፋቫ፣ በዘይትና በሎሚ የሚቀርበው የተቀቀለ ቅጠል ሁሉም የጾም ነው፤ ዋጋውም ከዓሣው በብዙ ይቀንሳል። ብቻ የእነሱ የጾም ምግብ ዝርዝር ኦክቶፐስና ካላማሪም ስለሚገቡበት ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም።

ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ያለው ሳምንት ግን ለኪስም ለሆድም ይመቻል። ጾሙ ተፈቷል፣ ባሕሩ የበጋ ሙቀቱን ገና አልለቀቀም፣ ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስም እየደከመ ይሄዳል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህን ሳምንት ማግኘት አይችልም፤ ለእሱ የሚሻለው የጁን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ የስዊድን ትምህርት ቤቶች በዚያን ጊዜ ዘግተዋል፣ ዋጋውም ገና አልወጣም።

ነፋሱን ያነሣሁት ለወሬ ማሟያ አይደለም። ሜልተሚ በጁላይና በኦገስት የኤጂያንን ባሕር ለቀናት ያለማቋረጥ ሊያናውጥ ይችላል። ሚኮኖስንና ሳንቶሪኒን ካላየሁ ብሎ ወደ ሲክላዴስ ደሴቶች የወረደ ተከራይ መመለሻው ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ነው። ውሉ ደግሞ ዓርብ ማታ ጀልባዋ ወደቧ እንድትገባ ያስገድዳል፤ ለዘገየ ቅጣት አለው። ጀልባዋን ደሴት ላይ ትቶ በመርከብ የተመለሰ ሰው የሚያስመልስለትን ካፒቴን፣ ናፍጣውንና የራሱን ትኬት ይከፍላል፤ በረራውም ያመልጠዋል። ከአሊሞስ በስተደቡብ ያለው የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ግን በየብስ የተከለለ በመሆኑ ይለዝባል፤ ከወደብ ወደብ ያለውም ርቀት የጥቂት ሰዓት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከራይ ሰው የእኔ ምርጫ ሳሮኒክ ነው፤ ሳንቶሪኒን በሌላ ጊዜ በመርከብ ይሂድባት።

ካፒቴኑን የቀጠርነው ወደን አይደለም። የግሪክ ሕግ ያለ ሠራተኛ የሚከራይ ጀልባ ላይ የመንጃ ምስክር ወረቀት ያለው አንድ ሰው፣ ከእሱም ሌላ ልምድ ያለው ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። ከመካከላችን ሁለቱም አልነበሩም። የቀን ዋጋው 200 ዩሮ ነው፤ በሳምንት 1,400። ምግቡም በተከራዩ ላይ ነው። ሰው የሚረሳው ግን አልጋውን ነው። ስምንት ሆነው ባለ አራት ክፍል ጀልባ የተከራዩ ወዳጆች፣ ካፒቴኑ ሲመጣ ዘጠነኛው ሰው የት እንደሚተኛ ይጨንቃቸዋል፤ እሱ ሳሎን ወንበር ላይ ሳምንት ሙሉ አድሮ በነጋታው ስምንት ነፍስ ይዞ መንዳት የለበትም። ስለዚህ ካፒቴን የሚቀጥር ሰው በቁጥሩ ላይ አንድ ጨምሮ ይከራይ። የእኛ አምስተኛዋ ክፍል አንዱ አልጋ በአንዱ ላይ የተሠራባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ለካፒቴኑ ተሰጠች። ፊት ያለችውን ሰፊ ክፍል ለጋሼ ስንሰጣቸው፣ «እኔ ለብቻዬ ይህን ያህል ቦታ ምን ያደርግልኛል? ለባልና ሚስቱ ስጧቸው» ብለው የዕቃ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ።

ሒሳቡን ከገንዘብ ያዣችን ደብተር አጠጋግቼ ላስቀምጠው። ዋጋ በየዓመቱና በየኩባንያው ስለሚለያይ አንባቢ ቁጥሩን ሳይሆን ስሌቱን ይያዝ። ጀልባዋ 4,200፤ ጽዳት፣ አንሶላና ጋዝ 300፤ ካፒቴኑ 1,400፤ የመያዣው ዋስትና 350። ይህ 6,250 ዩሮ ከመነሣታችን በፊት የሚከፈል ነው፤ በነፍስ ወከፍ 781 ይደርሳል። ቀሪው በጋራ ኪስ የሚወጣው ነው፤ ናፍጣ 270፣ ወደብና ውኃ 150፣ ቁርስና ምሳ ጀልባ ላይ 750፣ እራት በየደሴቱ 1,350፣ ለካፒቴኑ ጉርሻ 200። 2,720 ይሆናል፤ በነፍስ ወከፍ 340። ጠቅላላው 8,970፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ 1,121 ዩሮ፤ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይጨመር። ያ ማስታወቂያው ላይ ያየነው 4,200 ከጠቅላላው 47 በመቶ መሆኑ ነው።

1,121 ዩሮ ለአንድ ሳምንት መኝታ፣ መጓጓዣና ምግብ ውድ ነው? በባሕር ዳርቻ ደህና ሆቴል ይዞ በየቀኑ ከደሴት ደሴት በመርከብ ከሚመላለስ ሰው ወጪ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። የጀልባ ሒሳብ አደገኛነቱ ሌላ ቦታ ነው። ከስምንታችን ሁለት ሰው ቢቀር ጀልባዋ አትቀንስም፣ ካፒቴኑ አይቀንስም፣ ናፍጣውም አይቀንስም። የሚቀንሰው የሁለት ሰው ምግብ ብቻ ነው። ስሌቱን እንደገና ብንሠራው የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው 1,417 ዩሮ ይከፍላሉ፤ በሁለት ሰው መቅረት ምክንያት እያንዳንዱ ወደ 300 ዩሮ ይጨምራል። ሆቴል ውስጥ የቀረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ እዚህ ግን የእሱ ዕዳ በሌሎች ላይ ይወድቃል። ሠርግ ላይ «እመጣለሁ» ብሎ የሚቀረውን ወገን ለሚያውቅ አበሻ ይህን ማስረዳት አያሻውም።

የቀለቡ ነገር የተወሰነው በዚያው ቅዳሜ፣ አሊሞስ አጠገብ ባለ ሱፐርማርኬት ነው። ከባዱን ሁሉ፣ የታሸገ ውኃውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ዘይቱን፣ ሽንት ቤት ወረቀቱን ከዋናው ምድር መግዛት ያዋጣል፤ በደሴቶቹ ሁሉ ነገር በመርከብ ስለሚመጣ ዋጋው ይጨምራል። ቲማቲሙ፣ ዳቦውና ፍራፍሬው ግን በየደሴቱ ቢገዛ ይሻላል፤ የጀልባዋ ማቀዝቀዣ ለዘጠኝ ሰው ሳምንት ሙሉ የሚሆን አትክልት አይችልም። ሽሮና በርበሬ ከቤት መጥቷል። የአንዲት ኪሎ ሽሮ ዋጋ ለዘጠኝ ሰው ስንት ምሳ እንደሆነ ሳስበው ከሱፐርማርኬቱ የገዛነው ቋሊማና አይብ ሁሉ ከንቱ ወጪ መሰለኝ። ቡና በጋዙ ምድጃ ይፈላል፤ ከሰልና ዕጣን ግን ጀልባ ላይ አይታሰብም፤ በፕላስቲክና በናፍጣ መካከል ፍም ይዞ መቀመጥ የሚፈቅድ ካፒቴን የለም።

የመጠጥ ነገር ጥቂት አጨቃጨቀ። የማይጠጣው ሰው ለጠጪው ቢራ ለምን ይከፍላል? ገንዘብ ያዣችን የአልኮልን ሒሳብ ከጋራ ኪስ አውጥታ ለብቻ አደረገችው፤ ክርክሩም እዚያው ማሪናው ላይ አለቀ።

እሑድ ጠዋት ወደ ኤጊና ደሴት አመራን፤ 16 የባሕር ማይል ገደማ ነው፣ በሰዓት ስድስት የባሕር ማይል ፍጥነት ከሦስት ሰዓት በታች። ከወደቡ እንደወጣን ካፒቴኑ ሸራውን አስነሥቶ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥታው ሁሉን ደስ አላሰኘም። «ሞተሩን ቢያስነሣው ቶሎ አንደርስም?» አለ አንዱ። ገንዘብ ያዣችን ሞተሩ በሰዓት ስድስት ሊትር ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ ካፒቴኑን ጠይቃ አውቃለች። አንድ ሰዓት ሞተር አሥር ዩሮ ገደማ ነው። ለመፍጠን ብሎ መጭመቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ እንዲህ ያለ ጀልባ የራሱ የፍጥነት ወሰን ስላለው ከዚያ ጥቂት ለማለፍ ናፍጣው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ውሉ ነዳጁን ሞልቶ ተረክቦ ሞልቶ መመለስ ነው። በሳምንቱ 25 ሰዓት ሞተር ብንጠቀም 150 ሊትር ነው፤ ሁል ጊዜ በሞተር የሚሄድ ቡድን ግን ሸራውን ለጌጥ ተከራይቶታል ማለት ነው።

የግሪክ ወደቦች ለኪስ ደግ ናቸው። በየደሴቱ ከተማ ዳር ያለው የወደብ ጠርዝ ለአንድ ሌሊት ከአሥርና ከሃያ ዩሮ ብዙም አይበልጥም። መልህቁን ከፊት ጥሎ በኋላ ተጠግቶ መታሰር ነው። ውኃ የሚሸጠው ሰው ቱቦ ይዞ ይመጣል፣ በጥቂት ዩሮ ታንኩን ይሞላል። ከወደቡ ይልቅ ባሕር ሰርጥ ውስጥ መልህቅ ጥሎ ማደርም ይቻላል፤ ያኔ የወደብ ክፍያ የለም፣ እራትም እዚያው ይበሰላል። ክሮኤሺያ ውስጥ ነገሩ ይለያል። ባሕሯ ውብ ነው፣ ማሪናዎቿም የተሟሉ ናቸው፤ ነገር ግን አሥራ አራት ሜትር ጀልባ ለአንድ ሌሊት 100 ዩሮና ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው። የኪራይ ዋጋውን ብቻ አይቶ ክሮኤሺያን ከግሪክ የሚያወዳድር ሰው ይህችን ልዩነት አይቶ ይምረጥ።

ሃይድራ ላይ ስንደርስ ወደቡ ሞልቶ ጀልባዎቹ በሁለትና በሦስት ረድፍ ተደራርበው ነበር። መኪና የሌለባት ደሴት ናት፤ ዕቃ የሚያጓጉዙት በቅሎዎችና አህዮች ናቸው። ዘፋኙ ሊዮናርድ ኮኸን በ1960 ቤት የገዛው እዚህ ነው። በጠባቡ ወደብ በኋላ የመጣው ጀልባ መልህቁን በቀደመው ላይ ስለሚጥል ጠዋት ላይ የአንዱ ሰንሰለት ከሌላው ጋር ተጠላልፎ ይወጣል፤ የሚጮኸው፣ የሚሳደበው፣ ጠልቆ የሚፈታው ያኔ ነው። ካፒቴናችን አንድ ጊዜ ዙሪያውን ቃኘና፣ «እዚህ ማደር ሌሊቱን በነጻ፣ ጠዋቱን በገንዘብ ነው» ብሎ መሪውን አዙሮ ከፊት ለፊት ዋናው ምድር ላይ ወዳለችው ኤርሚዮኒ ወሰደን። በነጋታው ሃይድራን በመርከብ ሄደን አየናት። የካፒቴን ደመወዝ የሚመለሰው በእንዲህ ያለ ውሳኔ ይመስለኛል።

ኤርሚዮኒ ማታ እራት ላይ ጋሼ ዓሣ አማራቸው። በግሪክ ምግብ ቤት ትኩስ ዓሣ በሰሃን አይሸጥም፤ ምናሌው ላይ የተጻፈው የኪሎ ዋጋ ነው፤ 60 ወይም 70 ዩሮ ሊል ይችላል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ለጠረጴዛው መሀል ያዘዘ ሰው ሂሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። ልማዱ ደንበኛው በረዶው ላይ ከተደረደረው መርጦ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቆሞ ማየት ነው። ጋሼ ከአስተናጋጁ ጋር ሄዱና መረጡ። ገንዘብ ያዣችንም ተከትላቸው ሄደች፤ «ጋሼ፣ ይመዘንና ዋጋውን ይንገረን» አለቻቸው። ተመዘነ፤ ትንሹን ይዘው ተመለሱ። ለእራት የመደብነው 25 ዩሮ በሰው የሚበቃው ዓሣው እንዲህ ሲታይ፣ ጠረጴዛው ደግሞ በሰላጣ፣ በፋቫና በተጠበሰ ድንች ሲሞላ ነው።

ስለ መያዣ ገንዘብ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጀልባዋን ሲረከቡ ኩባንያው 3,000 ወይም 4,000 ዩሮ በክሬዲት ካርድ ላይ ያግዳል፤ ዴቢት ካርድ የማይቀበሉ አሉ። ሌላው አማራጭ 350 ዩሮ ገደማ ከፍሎ መያዣውን ወደ ትንሽ መጠን ማውረድ ነው፤ ያ ገንዘብ ግን አይመለስም። ከስምንት ሰው ማን የመስታወቱን መስኮት እንደሰበረ፣ ማን የሸራ ማጠንጠኛውን እጀታ ባሕር ውስጥ እንደጣለ መቼም አይታወቅም። የ350ዋ ጥቅም በወዳጆች መካከል ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ማድረጓ ነው። ይህ ማለት ግን በርክክቡ ጊዜ መዘናጋት አይደለም። አሊሞስ ላይ ሁለት ሰዎቻችን ከውስጥ እስከ ውጭ እያንዳንዱን ጭረት በስልክ ቀረጹ፣ ትራሱንና የሕይወት አድን ጃኬቱን ቆጠሩ። ዋና የማይችል ሰው በመካከላችን ስለነበር ጃኬቶቹን በየሰው ልክ ማስተካከሉም በዚያው ተደረገ። ሽንት ቤቱን በተመለከተ ካፒቴኑ ያስጠነቀቀን በጥብቅ ነው፤ ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ወረቀት እንኳ አይጣልበትም። የተደፈነ ሽንት ቤት ለማስከፈት የሚጠየቀው ገንዘብ የአንድ ማታ እራት ነው፤ ሽታው ደግሞ ለብቻ።

ዓርብ ማታ አሊሞስ ስንገባ የነዳጅ ማደያው ፊት ጀልባዎች ተሰልፈው ነበር። ይህንንም ሰዓት በዕቅድ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት የደረሰ ቶሎ ይቀዳል፣ ዘግይቶ የመጣ ይጠብቃል። ጠላቂው ከሥር ገብቶ የጀልባዋን ሆድ አየ፤ ተቆጣጣሪዋ ዝርዝሩን ይዛ ትራሶቹን ቆጠረች፤ ፈረመች።

ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችና ከአዲስ አበባ ለሚነሡ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘና በሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ለግሪክ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ቪዛው ካልተሰጠ የተከፈለው የጀልባ ገንዘብ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አይመለስም። ሌላዋ የኪራይ ጀልባ መዳረሻ ሲሸልስ ግን ለኢትዮጵያ ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከጉዞው በፊት ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። እዚያ ነፋሱ የሚረጋው በኤፕሪልና በሜይ፣ እንዲሁም በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ምግቡ ብዙው ከውጭ ስለሚገባ ቀለቡ ውድ ነው፤ የሚከራየውም ባብዛኛው ባለ ሁለት አካል ጀልባ፣ ካታማራን፣ በመሆኑ ኪራዩ ከሳሮኒክ ይበልጣል። ወጥ ቤት መግባት የማይፈልግ ቤተሰብ ደግሞ የቱርክን ጉሌት ይመልከት፤ ከቦድሩም ወይም ከፈትሂዬ ከነሠራተኛው፣ ብዙ ጊዜም ከነምግቡ የሚከራይ የእንጨት ጀልባ ነው፤ የተጻፈውና የሚከፈለው ዋጋ የሚቀራረቡት እዚያ ነው። ባሕር ይስማማኝ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ሰው ከአቴንስ ተነሥቶ ሦስቱን ደሴቶች፣ ኤጊናን፣ ፖሮስንና ሃይድራን፣ በአንድ ቀን በሚያዞረው መርከብ 100 ዩሮ ገደማ አውጥቶ ራሱን ይሞክር።

ለሚነሡት የምመክረው ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ከጀልባው በፊት እንዲመረጥ ነው። ኩባንያዎቹ ውሉ ሲፈረም ግማሹን፣ ቀሪውን ከጉዞው አራትና አምስት ሳምንት ሲቀረው ይጠይቃሉ፤ ቀደም ብሎ ለሚይዝ ቅናሽ የሚሰጡትም በብርዱ ወራት ነው። የእኛዋ ገንዘብ ያዥ በጃንዋሪ ከእያንዳንዳችን 265 ዩሮ ተቀበለች፣ ከዚያ እስከ ኦገስት በየወሩ 122 ገደማ። የመጀመሪያውን የከፈለ ሰው ቢቀር ምትክ ካላመጣ በቀር ገንዘቡ እንደማይመለስለት አስቀድማ ጽፋ አስፈርማለች፤ አንዳንዶቻችን በዚህ ቅር ብንሰኝም የቀረ ሰው አልነበረም። እናንተም ኩባንያውን ስትጠይቁ «ጀልባዋ ስንት ናት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከወደቡ እስክንወጣ የሚከፈለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉልን በሉት። ወረቀቱ ከመጣም በኋላ የሁሉም ሰው ድርሻ ገንዘብ ያዡ እጅ ሳይገባ ውሉን አትፈርሙ።